ቦዬ ረግረግ፦ በጅማ ዳር ጉማሬና ወፍ የማየት ውሎ

ቦዬ ከጅማ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለ ኩሬና ረግረግ ነው። ከከተማው በባጃጅ ይደረሳል። ጅማን አቋርጦ የሚወርደው አዌቱ ወንዝ ውኃውን፣ የከተማውን ቆሻሻም ጭምር፣ ወደዚሁ ጨፌ ያመጣል።

ብዙ ሰው የሚመጣው ጉማሬ ለማየት ነው፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ግን ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ውኃ አይቶ ይመለሳል። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል። ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ጎህ ሲቀድ ወደ ውኃው ይመለስና እዚያው ይውላል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያ ካልሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል። ጠዋት በምሥራቁ ዳር የቆመ ሰው ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትሆን ዓይኑን አትወጋውም።

ጀማሪ የሚሳሳተው ውኃውን በሙሉ በዓይኑ እየቃኘ ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ ነው። ጉማሬ ለ5 ደቂቃ ያህል ጠልቆ ሊቆይ ስለሚችል አንድ ቦታ ላይ ዓይንን ተክሎ መታገሥ ይገባል። መጀመሪያ እፍ የሚል ትንፋሽ ይሰማል፤ ከዚያ አፍንጫ፣ ዓይንና ጆሮ በአንድ መስመር ብቅ ይላሉ፤ ጆሮዎቹ ፈጥነው እየተርገበገቡ ውኃውን ያራግፋሉ። አፉን በሰፊው ከከፈተ ደክሞት እያዛጋ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጉማሬው ከውኃ የሚወጣበት መንገድ ከሣሩ መካከል ይታያል፦ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ የተረገጡ መስመሮች፣ በመሃላቸው ያልተረገጠ ሣር። እዚያ ላይ መቆም፣ በተለይም በእንስሳውና በውኃው መካከል መግባት፣ ለሞት ያደርሳል። ያ ግዙፍ አካል በየብስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ቢያንስ 50 ሜትር መራቅ፣ ግልገል ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ መራቅ ያስፈልጋል። በታንኳ መጠጋት ፈጽሞ አይገባም።

ጉማሬዎቹ ጸጥ ሲሉ የወፎቹ ተራ ይሆናል። በጅማ ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ከሚታዩት መካከል በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ሩዤ ሬይል አለ፤ ቡናማ ሆኖ ጭራውን ከፍ ሲያደርግ ከሥሩ ያለው ነጭ ይታያል። በጉሮሮው ቢጫ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለው የሐበሻ ሎንግክሎውም ሣሩ ላይ ይመገባል።

በክረምት መሬቱ ስለሚያሰምጥና ሣሩ ስለሚረዝም ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ያኔም ቢሆን ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል።

ጨፌው ግን እየጠበበ ነው። አፈሩ ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ዳርቻው ይታረሳል። የግጦሹ ሣር ሲያንስ ጉማሬው ወደ በቆሎ ማሳ ይወጣል፤ ገበሬውም እንቅልፉን አጥቶ ማሳውን ለመጠበቅ ይገደዳል። ጎብኚ ማሳ ሳይረግጥ፣ ፈቃድ ጠይቆ ማለፍ አለበት። ከሁሉ በፊት ግን እረኞቹን ማነጋገር ይበጃል፦ ጉማሬዎቹ ትናንት ማታ በየት በኩል እንደወጡ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።