ጋፋት፦ መድፍ የወለዳት መንደር

ጎንደር ሲባል የሁላችንም ዓይን የሚሄደው ወደ ፋሲል ግቢ ነው። ስለ ድንጋዩና ስለ ኖራው ብዙ ተብሏል። ስለ ብረቱ ግን የሚያወራ የለም። ለብረቱ ወሬ ከከተማው ወጣ ማለት ያስፈልጋል። ከጎንደር የተነሳ መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሄዶ ደብረ ታቦር ይገባል። ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኝ፣ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት። ዛሬ አካባቢው በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ነው፤ ያኔ በጌምድር ይባል ነበር።

ጋፋትን ከመናገር በፊት ስለ ቀጥቃጭ ማንሳት ግድ ነው። በዚህ አገር ብረት መሥራት አዲስ ነገር አልነበረም። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው ወለቃ፣ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል። የርስት መሬት ስላልነበራቸው እጃቸው እርሻቸው ሆነ። አፈር የመሰለውን የብረት ድንጋይ በከሰል እሳት ያቀልጡታል። እሳቱን በወናፍ እያናፉ ያግሙታል። ከዚያ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ጦር ይወጣዋል። ገበሬው ያለ እነሱ አንድ ትልም አያወጣም። ሆኖም ማረሻውን ተቀብሎ ዞር ሲል «ቡዳ ነው» ይላል። ማታ ማታ ጅብ ይሆናል እያለ ልጁን ይደብቃል። አብሮ መብላቱ፣ መጋባቱማ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር። የዚህ አገር ቴክኖሎጂ ታሪክ ትልቁ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባለሙያ ጠፍቶ ሳይሆን ባለሙያው ተንቆ።

አጼ ቴዎድሮስ በዚህ ነገር ከዘመናቸው ሰው የተለዩ ነበሩ። የመድፍን ነገር በወሬ አልሰሙትም። ገና ካሣ ሳሉ፣ በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ሲዋጉ መድፍ ፈጅቷቸዋል። ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ገባቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ይህ ሐሳብ አብሯቸው ነበር።

ባለሙያዎቹ የመጡት ደግሞ ባልተጠበቀ በር ነው። በኢየሩሳሌም የነበሩት የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስቾና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም ደረሱ። ሰባኪም ባለ እጅም ነበሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን የሚባሉት ናቸው። ከእነሱ ውጭ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ እና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም ተጨመሩ። ንጉሡ ጋፋትን ሰጧቸው። ቤት ሠሩ፣ ልጆች አስተማሩ፣ ወለዱ ከበዱ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች አገቡ፤ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናት። እንዲህ እንዲህ እያለች ጋፋት ጀርመንኛና አማርኛ የሚደባለቅባት፣ መዶሻና መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን የሚቀመጡባት መንደር ሆነች።

አንድ ቀን ታዲያ ንጉሡ መድፍና ቦምብ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ደነገጡ። «እኛ ይህን አናውቅም» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ ክሪስቾና መድፍ አያስተምርም። ንጉሡ ግን እንቢታ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። የሰዎቹን አሽከሮች በሰንሰለት አሰሩ። እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ አልፈቷቸውም። ሙከራው ቀላል አልነበረም። የሚቋቋም የምድጃ ጭቃ ማግኘት፣ ቅርጹን ማድረቅ፣ የቀለጠውን ሳያቋርጡ ማፍሰስ ሁሉ በውድቀት የተማሩት ነው። በመጨረሻ ተሳካ። ንጉሡ በደስታ በቅሎና የማዕረግ ልብስ ሸለሟቸው። በነገራችን ላይ ጋፋት የብረት ፋብሪካ እየተባለች ትነገራለች እንጂ ትልልቆቹ መድፎች የፈሰሱት ከነሐስ ነው።

የጋፋትን ሥራ የነጮች ሥራ ብቻ አድርጎ ማውራት ግን አይጥመኝም። ከሰል ያከሰለው፣ እንጨት የተሸከመው፣ ወናፍ የነፋው የአገሬው ሰው ነው። በታሪክ የተመዘገበው ስም ግን የጌታው ስም ብቻ ሆነ።

ንጉሡ በጋፋት ሰዎች አልረኩም። ተጨማሪ ባለሙያ ፈለጉ። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። ተቆጡ። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንን በ1856 አሰሩ። በሚያዝያ 1858 ደግሞ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት እዚሁ ቀሩ። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ተቀጥረው፣ መሣሪያው ተጭኖ ምጽዋ ድረስ መጣ። ከምጽዋ ግን ፈቅ ሳይል ተመለሰ፤ እነ ካሜሮን ስላልተፈቱ።

በዚህ መሃል አገሩ ከንጉሡ እጅ እያመለጠ ነበር። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘረፉ። ጎንደሬ ስለ ቴዎድሮስ ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ሁለት ዓይነት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሲያወድስም ሲያዝንም በአንድ ትንፋሽ ነው። በዚያው ዓመት የጋፋት ሰዎችም ተራቸው ደረሰ። ንብረታቸው ተወረሰ፣ እነሱም ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። የመንደሯ ዕድሜ እንግዲህ አሥር ዓመት ቢሆን ነው።

ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የእነዚሁ ሰዎች ሥራ ነው። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይሆናል። 70 ቶን እያሉ የሚጽፉም አሉ። ለአፍ ይሞቃል እንጂ 70 ቶንስ በሰው ጉልበት የጂዳን ወንዝ ገደል አይወጣም።

ሰባቱም ቶን ቢሆን ቀላል አልነበረም። በመስከረም 1860 ማብቂያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። መንገድ የለም። እየሠሩ ነው የሄዱት። ራሳቸው ንጉሡ ድንጋይ እያነሱ ከሠራተኛው ጋር ይለፉ ነበር። ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይስባል፤ ዳገቱ ላይ ይጎተታል፣ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ይያዛል። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች እንዲህ ተሻገሩ። ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። ሚያዝያ 3 ቀን፣ ዓርብ ስቅለት፣ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ፣ እስረኞቹን ሊያስፈቱ ከመጡት እንግሊዞች ጋር ጦርነት ሆነ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ቀረ፣ ዛሬም እዚያው አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው።

የጋፋት ፈረንጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል ያፋ ተቀመጠ። የኢትዮጵያ ደም ካላት ሚስቱ የወለዳት ልጁ ማግዳሌና ትባላለች፤ ከመቅደላ የመጣ ስም ነው። እንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የእሷ የልጅ ልጅ ነው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን ጋፋት ብሎታል። የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄደዋል። በገጠሩ ማረሻ የሚያሾለው ግን ዛሬም የአገሬው ቀጥቃጭ ነው። ድንጋይ ማቅለጡን ትቶታል፤ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ከገበያ ገዝቶ ይቀጠቅጣል።