የባልደርስ ጌት 3ቱ ቫምፓየር አስታሪዮን አሳዘነህ? እሺ፣ ከዚያስ?

ጅማ ውስጥ ላፕቶፕ እጠግናለሁ፣ ጌም እጭናለሁ። ደንበኞቼ በብዛት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ባልደርስ ጌት 3 የሚያስጭን ሲመጣ መከራዬ ነው፤ ጌሙ 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ኮፒው እስኪያልቅ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ፣ ክርክሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። አር ፒ ጂ ጌም (በአንድ ካራክተር ሆነህ ታሪኩን በምርጫህ የምትመራበት) ላይ አብረውን ለሚጓዙ ክፉ ካራክተሮች ማዘን አለብን ወይ? ይቅርታስ ይገባቸዋል? ጆሮዬ ደነቆረ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ ይህን ነው የማስነብበው።

«ክፉ ካራክተር የሚወድ ራሱ ክፉ ነው።» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የስታር ዋርስ ጌም ላይ ያለውን ኤችኬ-47ን እወደዋለሁ። ሰውን ሁሉ «የሥጋ ከረጢት» እያለ የሚሳደብ ነፍሰ ገዳይ ሮቦት ነው። ያስቀኛል። አለቀ።

«ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም።» ተረቱ ያምራል፣ ጌሞቹ ግን አይስማሙም። ሳሬቮክ በመጀመሪያው ባልደርስ ጌት አሳዳጊ አባትህን የገደለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የክፍል ሁለት ማስፋፊያ ግን አብሮህ ይጓዛል፤ በደንብ ካነጋገርከው ወደ መልካም ይዞራል።

«እንግዲያው ሁሉም ይስተካከላል።» ይሄም አይደለም። የባልደርስ ጌት 3ቷን ሚንታራን ተመልከት። ስደተኞች የተጠለሉበትን ጫካ ልታጠፋ የመጣች ሴት ናት። አእምሮዋን ከያዘው አምልኮ ቁጥጥር ነፃ ከወጣች በኋላም ሥልጣን ማለቷን አትተውም። እንዲህ እንዳለች አብረሃት ትጓዛለህ ወይም ትተዋታለህ።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። «ተሰቃይቷልኮ! ስለዚህ ይቅር ሊባል ይገባል።»

ይሄ ሁልጊዜ ስለ አስታሪዮን ነው የሚባለው። አንዷ ደንበኛዬ «ኧረ አንተ ልብ የለህም እንዴ? 200 ዓመት ባሪያ በነበረ ሰው ላይ ትፈርዳለህ?» ብላ ልትጣላኝ ነበር። ልብማ አለኝ። ካዛዶር የሚባለው ቫምፓየር ጌታው ያደረሰበትን ሳይ እኔም አዝኛለሁ። ግን በእነዚያ 200 ዓመታት አስታሪዮን ምን ይሠራ ነበር? ሰው እያባበለ ለጌታው ያመጣ ነበር። ተገዶ ነው፣ እውነት ነው። ሆኖም እሱና መሰሎቹ ያመጧቸው 7,000 ሰዎች ምድር ቤት ውስጥ እንደታሰሩ ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እነሱን ሳትጠይቅ አንተ ላፕቶፕህ ላይ ቁጭ ብለህ ይቅር የምትለው በማን ስም ነው? እኛ አገር ጉማ አለ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ልኮ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ካሳ ከፍሎ ነው የሚታረቀው። «ልጃችን ልጅነቱ ከባድ ነበር» ብሎ ነገሩን የጨረሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞ በጣም ያዘኑለት ተጫዋቾች ናቸው የሚያበላሹት! ታሪኩ መጨረሻ አካባቢ አስታሪዮን ጌታው ያቀደውን የአስማት ሥርዓት ለራሱ ሊፈጽም ይፈልጋል። ከተሳካለት ፀሐይ አታቃጥለውም፣ ማንም አያዝዘውም። ዋጋው የእነዚያ የ7,000 ሰዎች ነፍስ ነው። አዛኙ ተጫዋች ታዲያ «ምስኪን፣ ይገባዋል» ብሎ ይረዳዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሁለተኛ ካዛዶር ያያል፤ ፍቅረኛው ከሆነ ደግሞ እንደ ንብረት ይቆጠራል፣ መጥቶም እኔ ላይ ያለቅሳል። ከለከልከው እንበል። አስታሪዮን ካዛዶርን ገድሎ ሥርዓቱን ይተዋል፣ በመጨረሻም በጉዞው ላይ ለጊዜው የለመደውን ፀሐይ ያጣል፤ ቆዳው ሲቃጠል ወደ ጥላ ሲሮጥ ታየዋለህ። እኔ ተለወጠ የምለው ይህን የከፈለውን ነው።

ስለዚህ የእሱን የውዴታ ነጥብ ለማግኘት ብለህ የሚለውን ሁሉ እሺ አትበል። ወደ ሥርዓቱ ስትሄድ እሱን ይዘህ በእስር ቤቱ በኩል እለፍ፣ እስረኞቹን አነጋግር። ሰባስቲያን የሚባለው አለ፣ እሱን እንዳትዘለው። ከዚያ በፊት ሴቭ አድርግ፤ ዝናብ ሲጀምር መብራቱ እንደማይታመን ታውቃለህ።

«ይቅርታ ማድረግ ምንም አያስከፍልም» ለሚሉት ደግሞ ድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስን ጫኑ፣ እ.ኤ.አ. የ2009 ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ሎጌይን ንጉሡን ጦር ሜዳ ላይ ጥሎ የሸሸ፣ ሰው ለባሪያ ነጋዴ የሸጠ የጦር አዛዥ ነው። ልትምረው ትችላለህ፤ ከማርከው ግን አሊስተር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጎንህ ያልተለየው ልጅ፣ በንዴት ቡድንህን ይለቃል። ሎጌይን ወደፊት አገሩን ለማዳን ሊሞት ይችላል፣ አሊስተርን ግን አይመልስልህም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቆይ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ካለ እያላችሁ አትጠይቁኝ። ለማንኛውም ከመኳንንቱ ጉባኤ በፊት የአሊስተርን ምርጥ ትጥቅ አውልቃችሁ አስቀምጡ።