1080 የተባለ ሁሉ ጥርት ያለ አይደለም

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ባለፈው ወር ደረሰ። ርዝመቱ 3 ሰዓት ነው፣ ፍላሹ ላይ «ፉል ኤችዲ 1080» ተብሎ ተጽፎበታል። አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ተሰብስበን በትልቁ ቲቪ ከፈትነው። ሙሽሮቹ ቁጭ ብለው ሲታዩ ያምራል። እስክስታው ሲጀመር ግን ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ተበጣጠሰ፣ የቀሚሱ ጥለት ከነጩ ሸማ ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ መሰለ። አክስቴ «ቲቪው አርጅቷል መሰለኝ» አለች። ቲቪው ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ ግምት ከብዙ ሰው ስለምሰማ አንድ በአንድ ልናገር።

«1080 ከ720 ሁሌም ይበልጣል።» 1080 የሚነግረን የምስሉን ስፋት ብቻ ነው፤ 1920 በ1080፣ ወደ 2 ሚሊዮን ነጥብ። እነዚህን ነጥቦች ለመሳል በየሰከንዱ ስንት ዳታ ተመደበ የሚለው ሌላ ቁጥር ነው፣ ቢትሬት ይባላል። የሰርጉ ፋይል 1.5 ጊጋ ነበር። ለ3 ሰዓት ሲካፈል በሰከንድ 1.1 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። ቁጭ ያለ ሰው ከአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) ወደ ሌላው ብዙም ስለማይለወጥ በዚያችው ይብቃቃል። ትከሻ ሲመታ፣ ሃያ ሰው አንድ ላይ ሲጨፍር ግን በየፍሬሙ ሁሉም ነገር ይለወጣል፣ ዳታው ያጥራል፣ ምስሉ ይፈርሳል። በዚያው ዳታ 720 ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ ከግማሽ በታች ስለሚሆኑ የተሻለ ይታይ ነበር።

«ችግር የለም፣ ወደ 4ኬ ኮንቨርት ይደረጋል።» ኤዲት ያደረገው ልጅ ያለን ይህንኑ ነው፤ 4ኬ ከ1080 የሚበልጥ የምስል ስፋት ነው። አይሆንም! የጠፋ ጥለት በኮንቨርተር አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይተልቃል። ደግነቱ ዋናው ቀረጻ አልጠፋም ነበር፤ ከእሱ እንደገና በ8 ሜጋቢት እንዲያወጣው ለመንነው። ወደ 11 ጊጋ ሆነ፣ ጥለቱም ታየ።

«ቦታ እያለው አልገለብጥም ያለ ፍላሽ ተበላሽቷል።» አዲሱን ፋይል ባለ 32 ጊጋው ፍላሽ እምቢ አለ። ፎርማቱ፣ ማለትም ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር፣ ፋት32 ነበር፤ ፋት32 ደግሞ የቱንም ያህል ቦታ ቢተርፈው አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋ ከበለጠ አይቀበልም። መፍትሄው ኤክስፋት ወደሚባለው ሌላ ፎርማት መቀየር ነው፣ ግን ፎርማት ውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ። ኤክስፋት የማያነብ የቆየ ቲቪ ካላችሁ ቪዲዮውን ከ4 ጊጋ በታች ቆራርጦ ማስገባት ነው።

«ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፤ ፊልሙ ተበላሽቷል።» ሜክሲኮ አካባቢ ፊልም አስጭኖ ቤቱ ሲገባ ይህ የገጠመው ሰው ብዙ ነው። ኤምፒ4 የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ሳጥን ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ምስል እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች264 ወይም በ2013 በወጣው ኤች265 በተባለ የማሸጊያ ዘዴ የታሸገ ሊሆን ይችላል። 265 ለተቀራራቢ ጥራት የ264ን ግማሽ ያህል ዳታ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ጥራት የለውም ብላችሁ አትጣሉት። ብዙ የቆዩ ቲቪዎች ግን 265ን መፍታት አይችሉም። ስታስጭኑ «264 አለ?» በሉ።

«ኢንተርኔቴ 4 ሜጋ ነው፣ በሰከንድ 4 ሜጋ ያወርዳል።» የኔትወርኩ ሜጋ ቢት ነው፣ የፋይሉ ባይት። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ 4ቱ ሜጋ ግማሽ ሜጋባይት ነው። ለፓኬጃችሁ የምትሆን ስሌት ልስጣችሁ፦ ቢትሬቱን በ450 አባዙት፣ በሰዓት የሚበላውን ሜጋባይት ታገኛላችሁ። 1 ሜጋቢት 450፣ 5 ሜጋቢት 2,250። ታክሲ ውስጥ በስልክ ለማየት 480 በደንብ ይበቃል።

«በቴሌግራም የላክሁት ያው ቪዲዮ ነው።» እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ሊጨመቅ ይችላል፤ እንደ ፋይል ሲላክ እንዳለ ይሄዳል። ሰርጉ ላይ ላልተገኘችው እህታችን የእስክስታውን 10 ደቂቃ ቆርጠን፣ ወደ 600 ሜጋ ነው፣ እንደ ፋይል ላክንላት። ከነጥለቱ ደረሳት።