የቀትሩ ምሳ ማታም ሆድ ውስጥ፦ ስኳር፣ ነርቭና ቃር

ስኳር ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ እግሩ እንደሚደነዝዘው ይናገራል። ቃሩን ግን አያነሳም። «እሱ ጨጓራዬ ነው» ብሎ ለብቻው ይዞታል። ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የአሲድ መቀነሻ ይገዛል፣ ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣበታል። ሁለቱ ሕመሞች ግን አንዳንዴ ምንጫቸው አንድ ነው። እግርን ያደነዘዘው የነርቭ ጉዳት ጨጓራንም ያገኘዋል።

ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአንገትና በደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። ጨጓራ ምግቡን የሚያላውሰውና በልኩ በልኩ ወደ አንጀት የሚያወርደው በአብዛኛው በእሱ ትእዛዝ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮቹንም፣ ለነርቮቹ ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ያኔ ጨጓራ ይሰንፋል። ቀትር ላይ የተበላው ሽሮ ማታ በግሳት ይመለሳል፤ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበሉ ጥግብ ማለት፣ መነፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም ከሰዓታት በፊት የተበላውን እንዳለ ማስመለስ ይመጣል። ሕመሙ ጋስትሮፓሬሲስ ይባላል፣ የጨጓራ መስነፍ እንደማለት ነው። በስኳር ታማሚዎች ላይ የሚታየውን ይህን ችግር በዚህ ስም የጠራው ፖል ካሳንደር የተባለ ሐኪም ነው፣ በ1958 እ.ኤ.አ.።

ቃሩስ ከየት መጣ? በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ ቀለበት የሚጠብቅ ጡንቻ አለ። ያልወረደ ምግብ ጨጓራን ሲወጥረው ቀለበቱ ቶሎ ቶሎ ይላላል፣ አሲዱም ሽቅብ ይወጣል። በጤናው ጊዜ ቧንቧው አሲዱን ገፍቶ ይመልሰዋል፣ ምራቅም ያጥበዋል። ነርቩ ሲጎዳ ግን ግፊቱ ይደክማል፣ ስኳር ሲጨምር ደግሞ አፍ ይደርቃል። በእርግጥ ስኳር ያለበት ሰው ቃር ሁሉ ከነርቭ አይደለም፤ ውፍረትም፣ ሲጋራም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጣዋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የኢንሱሊኑ ጉዳይ ነው። ሰውየው እንደታዘዘው ከምሳ በፊት ይወጋል፣ ይበላል። ኢንሱሊኑ ሥራውን ሲጀምር ምግቡ ገና ጨጓራ ውስጥ ነው። ስለዚህ በልቶ ገና ከማዕድ ሳይነሳ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ስኳሩ ወርዷል። ከሰዓታት በኋላ ምግቡ ሲወርድ ኢንሱሊኑ አልቆ ስኳሩ ይሰቀላል። ቤተሰብ «ተደብቆ ጣፋጭ በልቶ ነው» ይለዋል። ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም። የተሰቀለው ስኳር ደግሞ ራሱ ጨጓራን መልሶ ያዘገየዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። በመጀመሪያ የጨጓራው መውጫ ላይ የሚዘጋ ነገር አለመኖሩ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ይታያል። ከዚያ በሽተኛው ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት የእንቁላል ነጭ ከዳቦ ጋር ይበላል፣ ጨጓራውም በየተወሰነ ጊዜ በካሜራ ይነሳል። ከ4 ሰዓት በኋላ ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ ጨጓራው ዘግይቷል ማለት ነው።

ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ጨጓራውን አያራግፍም። ሜትፎርሚን ከሚባለው የስኳር ኪኒን ጋር ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል፣ የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ስለዚህ በደም ምርመራ ይታይልኝ ማለት ተገቢ ነው። ጨጓራን የሚያነቃቃው ሜቶክሎፕራሚድ ሲቆይ ፊትና ምላስ ያለ ፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ ሊያደርግ ይችላል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ኦዜምፒክን የመሰሉ ለስኳር የሚሰጡ መርፌዎች ደግሞ በባሕርያቸው ጨጓራን ያዘገያሉ፣ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ምግብ ላይ፣ ቅባትና ብዙ ገለባ ያለው ነገር ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። ቅቤ የበዛበት ክትፎ ማታ ከባድ ነው። ለጨጓራ ብለን የምንጠጣው ተልባም ለእንዲህ ያለ ሰው እየወፈረ ሊያዘገይበት ይችላል። ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት፣ ላላ ያለ ሾርባ፣ ከራት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ይረዳል።

አንድ ነገር ግን ቃር ነው ተብሎ አይታለፍ። የነርቭ ጉዳት የልብን ሕመም ስሜት ያደበዝዛል። ስኳር ያለበት ሰው ደረቱን ድንገት ሲያቃጥለው፣ ሲያልበው ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ኪኒን ፍለጋ ሳይሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።