የኤምጂ ወዳጆች፦ መኪናው፣ ወረቀቱና ወሬው

ኤምጂ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ዓይነት መኪና ነው። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ከ1929 እስከ 1980 (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተሠራችው ከኦክስፎርድ ወረድ ብላ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል። መኪኖቹ ግን ዛሬም መንገድ ላይ አሉ። አብሯቸው የሚዞር ኮተትም አለ፦ አሮጌ ሊብሬ፣ የጥገና ደረሰኝ፣ የክለብ ባጅ፣ የድሮ ብሮሹር፣ አባት መኪናዋን ተደግፎ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ።

ይህን የሚሰበስቡ፣ የሚለዋወጡና ስለሱ ሲያወሩ የማይደክማቸው ሰዎች እንግሊዝ ውስጥም አሜሪካም አውስትራሊያም ሞልተዋል። ከሩቅ ሲታዩ ሥራ የፈቱ ጡረተኞች ይመስላሉ። አንዳንዶቹ ናቸውም። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ወሬያቸው ሥራ ይሠራል። መኪናዋ በትክክል የምትጠገነው፣ ዋጋዋ የሚቆረጠው፣ ማንነቷም የሚረጋገጠው በዚሁ ወረቀትና ጨዋታ ነው።

ከሞሪስ ጋራዥ እስከ ስልክ ቁጥር 251

ስሙ የመጣው ከሞሪስ ጋራዥ ነው። ይህ የዊልያም ሞሪስ የመኪና መሸጫና መጠገኛ ነበር፤ ኦክስፎርድ ውስጥ። ሥራ አስኪያጁ ሴሲል ኪምበር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከተራው የሞሪስ መኪና ሻንሲ ላይ ቀለል ያለና ዓይን የሚገባ ቦዲ ማስገጠም ጀመረ። ሰው ወደደለት። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ምልክት በ1924 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ማዕዘን ያልገባበት ቦታ የለም። የዳሽቦርዱ ቆጣሪዎች ሳይቀሩ በስምንት ማዕዘን የተሠሩባቸው ሞዴሎች አሉ። ለኔ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፤ ሰብሳቢዎቹ ግን የሚሞቱለት ይህንኑ ነው።

ስለ አቢንግደን ፋብሪካ ከሚወሩት ሁሉ የምወደው የስልኩን ነገር ነው። የፋብሪካው ስልክ አቢንግደን 251 ነበር። ስለዚህ የአዲስ ሞዴል የሻንሲ ቁጥር ከ1 አይጀምርም፤ ከ0251 ነው። ቲሲ የምትባል ሞዴል አለች፤ ዛሬ አንዱ ተነስቶ «የኔ ቲሲ ቁጥሯ 0260 ነው» ቢል ነገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያሰላዋል፦ አሥረኛዋ ቲሲ ናት። የማያውቅ ገዢ ደግሞ «ሁለት መቶ ስልሳኛዋ» ብሎ ያልፋታል። በዋጋ ሲመነዘር ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«አሮጌዋ ቁጥር አንድ» የምትባለውም መኪና የራሷ ታሪክ አላት። ኪምበር በ1925 ላንድስ ኤንድ ለሚባለው የፅናት ውድድር ያሠራት ናት። ስሟ ቁጥር አንድ ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋ ኤምጂ አይደለችም፤ ከሷ በፊት የተሸጡ አሉ። ከውድድሩ በኋላ በ300 ፓውንድ ተሸጠች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማንችስተር ውስጥ ከውዳቂ ብረት መሃል ተገኘች፤ ፋብሪካውም በ15 ፓውንድ መልሶ ገዛት። አሁን ጌይደን በሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ናት። ነገሩን የሚያውቅ ሰው በዚያ ባያልፍ ኖሮ የኤምጂ ታሪክ ዋና ማስረጃ ቀልጦ ድስት በሆነ ነበር።

ክለቡ

ጥቅምት 12 ቀን 1930 ጥቂት የኤምጂ ባለቤቶች ስቲቭኔጅ አጠገብ በአንድ ሆቴል ተገናኙ። የኤምጂ መኪና ክለብ እንዲህ ተወለደ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ጆን ቶርንሊ የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ውስጥ ተቀጠረ፤ ከ1952 ጀምሮ ደግሞ ለ17 ዓመታት ያህል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መራው። ደንበኛው የፋብሪካው አለቃ ሆነ ማለት ነው። በፋብሪካውና በባለቤቶቹ መካከል የነበረው ቅርርብ ከየት እንደመጣ ይህ ብቻ ይበቃል። ባለቤቶቹ አቢንግደን ድረስ ሄደው ሠራተኞቹን በስም ይጠሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ፋብሪካውን የያዘው ብሪቲሽ ሌይላንድ ለክለቡ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ። ክለቡ በራሱ እግር ቆመ። በ1973 ደግሞ የኤምጂ ባለቤቶች ክለብ የሚባል ሌላ ማኅበር ተጨመረ።

የክለቡ ጥንካሬ ያለው «መዝገብ» በሚሏቸው ቡድኖች ላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሞዴሎች ይከታተላል። ለምሳሌ ትሪፕል ኤም የሚባለው ከ1929 እስከ 1936 የተሠሩትን ሚጅት፣ ማግናና ማግኔት ይይዛል። ስንቶቹ ተርፈዋል፣ የት አሉ፣ ሞተሯ የራሷ ነው ወይስ ከሌላ የመጣ፣ ከዚህ በፊት ማን ነዳት። ይህን የሚመዘግቡት በፈቃደኝነት ነው፤ የሚከፍላቸው የለም።

አሜሪካኖቹ ዘግይተው ገቡ፤ ሲገቡ ግን በጅምላ ነው። ቲሲ ከ1945 እስከ 1949 በ10,000 ቁጥር ተሠራች። መሪዋ ሁሌም በቀኝ በኩል ነበር። እንዲያም ሆኖ 2,000 ያህሉ አሜሪካ ገቡ። ቀጥላ የመጣችው ቲዲ ግን መሪዋ በግራም ስለተሠራ ወደ 30,000 ከሚጠጉት ውስጥ ከ20,000 በላይ የሄዱት ወደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ወሬ አለ። «ወታደሮቻችን ከጦርነቱ ሲመለሱ ቲሲ ይዘው መጡ» ይላሉ። ቆንጆ ወሬ ነው፤ ግን ቲሲ መሠራት የጀመረችው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። በጦርነቱ ወቅት እንግሊዝ የነበረ ወታደር ሊያይ የሚችለው ከሷ በፊት የነበሩትን ነው። ከሰላም በኋላ እዚያ ተመድበው ይዘው የተመለሱ ነበሩ፤ ብዙዎቹ መኪኖች ግን በአስመጪ በኩል ተሸጡ። የመዝገብ ሰዎች ይህን ደጋግመው ያርማሉ። ወሬውም አይሞትም።

ሊብሬ፣ ቦሎና ታርጋ

እንግሊዝ ውስጥ የመኪና ምዝገባ ስዋንዚ ወደሚገኘው ማዕከል መጠቃለል የጀመረው በ1974 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በየአካባቢው ምክር ቤት ነበር። ሊብሬውም እንደ ደብተር የሚገለጥ ነበር። መኪናዋ በተሸጠች ቁጥር የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍበታል፣ ማኅተም ይረገጥበታል። አንዱን ሲገልጡት መኪናዋ በስንት እጅ እንዳለፈች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪም፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ እንደገና ተማሪ። ቀለሟ ከተቀየረ እሱም ይጻፋል።

ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ጣጣ መጣ። እስከ 1983 ድረስ ያላስመዘገበ ሰው የመኪናውን የድሮ ታርጋ ቁጥር ያጣል ተባለ። ጋራዥ ውስጥ ተሸፍነው የነበሩ ብዙ መኪኖች በዚህ ምክንያት ከመዝገብ ጠፉ። ቁጥሩን ማስመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን መኪናዋና ቁጥሩ አንድ መሆናቸውን የሚያሳይ የዚያን ጊዜ ሰነድ ያስፈልጋል። እውቅና ያለው ክለብም ማመልከቻውን መደገፍ አለበት። ስለዚህ አያት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተዉት የነተበ ሊብሬ ዕቃ ሲጸዳ የሚጣል ወረቀት አይደለም። የመኪናዋ ልደት ካርድ በሉት።

ቦሎም እንደዚሁ ነው። የእንግሊዞቹ ቦሎ ክብ ወረቀት ነበር፤ ዳሩ እንደ ቴምብር የተበሳሳ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ። ከ1921 ጀምሮ ኖሮ በጥቅምት 2014 ቀረ። አሁን እሱን ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የኤምጂ ባለቤት ግን የሚፈልገው የራሱን መኪና ቁጥር የያዘውን ነው። መቀመጫ ሲፈታ ከሥሩ የ1960ዎቹ ቦሎ የወጣለት ሰው ለሳምንት የሚያወራው ሌላ ነገር የለውም።

የአባትን መኪና ማፈላለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ታርጋ በልማዱ ከመኪናው ጋር ይኖራል። ባለቤት ሲቀየር አይቀየርም። ስለዚህ ፎቶው ላይ ቁጥሩ ከታየ በመንግሥት ድረ ገጽ ገብቶ መኪናዋ ዛሬ በሕይወት መኖሯን ማየት ይቻላል፤ የማን እንደሆነች ግን አይናገርም። ከዚያ በኋላ ያለው በክለብ በኩል «እንዲህ ያለች መኪና የያዘ አለ?» እያሉ መጠየቅ ነው። ይህን መንገድ የሚዘጋው የታርጋ ንግድ ነው። አጭርና ቆንጆ የድሮ ቁጥር ጥሩ ብር ስለሚያወጣ ባለቤቱ ይነቅልና ይሸጠዋል። መኪናዋ ሌላ ቁጥር ይሰጣታል፤ የኋላ ታሪኳ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ሕጋዊ ነው፤ ግን ያናድዳል።

የማስታወስ ነገር ደግሞ አታላይ ነው። ልጅ «የአባቴ መኪና ቀይ ነበረች» ብሎ ይምላል። ጌይደን ካለው መዝገብ ቤት ኤምጂቢ ለምትባለው ሞዴል የምስክር ወረቀት ሲወጣ መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን፣ ቀለሟ፣ የመቀመጫዋ ዓይነትና የተላከችበት አገር ተጽፎ ይመጣል። ነጭ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ይህ ማለት አባት ዋሽቷል ወይም ልጅ አብዷል ማለት አይደለም። በመሃል ያለ አንድ ባለቤት ቀለም ቀብቷታል።

ባጅ፣ ብሮሹርና ብሎን

ኮተቱ የሚገኘው የት ነው? ትልቁ ገበያ በየዓመቱ በመስከረም ደቡብ እንግሊዝ ቦሊዩ ውስጥ ይቆማል። የተጀመረው በ1967 ነው። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ግራ አይገባውም፤ ዝገቱም፣ ክርክሩም፣ «ይቺን አላውቃትም ግን ትጠቅምሃለች» የሚለው ሻጭም አለ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የመብራት ክፈፍ፣ ሌላው ላይ የሽያጭ ብሮሹር፣ ከጎኑ ዲንኪ የሚባለው የመጫወቻ መኪና ሠሪ በ1950ዎቹ የሠራት ሹፌር የተቀመጠባት የኤምጂ መጫወቻ። ከፊት የሚታሰረው የክለብ ባጅ በጣም ይፈለጋል፤ ስለዚህ አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ ፊቱን ሳያይ ይገለብጠዋል። ከጀርባው የሠሪው ስም ተመትቶበታል ወይ? የሚለውን ነው የሚያየው።

ከሁሉ በላይ ግን ወሬ የሚያስፈልገው ብሎን ላይ ነው። የቲሲ ሞተር ብሎን በሚሊሜትር መፍቻ አይፈታም። ጭንቅላቱ የእንግሊዞቹ ዊትወርዝ ልክ ነው። አዲስ ባለቤት ዊትወርዝ መፍቻ ገዝቶ ይፈታዋል፤ ጥርሱም ዊትወርዝ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም። ጥርሱ ሜትሪክ ነው። ያውም የተለመደው ሜትሪክ አይደለም። ስምንት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ጥርሶቹ በ1 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ሱቅ የሚሸጠው ግን 1.25 ነው። በግድ ካስገቡት የብሎኩን ጥርስ ይበላዋል። ምክንያቱ የኋላ ታሪክ ነው። ሞሪስ በ1923 ኮቨንትሪ የነበረውን የሆችኪስ ፋብሪካ ገዛ። ሆችኪስ የፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ሠሪ ስለነበር ማሽኖቹ የሚያወጡት ሜትሪክ ጥርስ ነው። እንግሊዛዊ መካኒክ ኪሱ ውስጥ ያለው መፍቻ ደግሞ ዊትወርዝ። ስለዚህ ጭንቅላቱን ለመካኒኩ፣ ጥርሱን ለማሽኑ አደረጉት። ይህን አዲሱ ባለቤት የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ብሎኑን ካበላሸ በኋላ ከአንድ የክለብ ሽማግሌ ነው።

ቀልዱም አይቀርም። መብራቱንና ሽቦውን ይሠራ የነበረው የሉካስ ኩባንያ ባለቤት «የጨለማው ልዑል» ተብሎ ተሰይሟል። ይህን ቀልድ ያልሰማ የኤምጂ ባለቤት ገና መኪናውን በማታ አልነዳም።

ጎማ ፓራውልት

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ተሠራች። ወዳጆቿን ለሁለት የከፈላቸው ፓራውልቷ ነው። በ1974 መጨረሻ የአሜሪካን የግጭት ደንብ ለማሟላት የሚያብረቀርቀው ክሮም ወጥቶ ትልቅ ጥቁር የጎማ ፓራውልት መጣ። የመኪናዋ ቁመትም ከፍ ተደረገ። አያያዟ ተበላሸ የሚሉት ልክ ናቸው። ለዓመታት ጎማውን አውልቀው ክሮም የሚገጥሙ ብዙ ነበሩ። አሁን ደግሞ «እንደተሠራች ትቆይ» የሚሉ መጥተዋል። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። አስቀያሚም ቢሆን የዚያ ዘመን ፊት ነው።

መዘጋቱና ከዚያ ወዲህ

በ1979 አቢንግደን የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት አከበረች። የአካባቢው ጠማቂ ሞርላንድ ለበዓሉ አዲስ ቢራ ጠመቀ። ስሙን የወሰደው ሠራተኞቹ ለጉዳይ ይላላኩባት ከነበረች፣ ቀለም እየተንጠባጠበባት ዥጉርጉር ከሆነች አሮጌ ኤምጂ ነው፤ ኦልድ ስፔክልድ ሄን። ቢራው ዛሬም ይሸጣል። የበዓሉ ማግስት፣ መስከረም 10፣ ፋብሪካው ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ባለቤቶች ለንደን ድረስ ከነመኪናቸው ወጥተው ተቃወሙ፤ አልሆነም። በጥቅምት 1980 ሥራ ቆመ።

ስሙ ግን እየተሸጠ ኖረ። በ1988 የኤምጂቢ ሙሉ ቦዲ እንደ አዲስ መመረት ጀመረ፤ ይህ የብዙ መኪኖችን ዕድሜ አስረዘመ። በ2005 ናንጂንግ የሚባለው የቻይና መኪና ሠሪ፣ ከዚያም ሳይክ የሚባለው ሌላው የቻይና ኩባንያ ስሙን ያዙት። ዛሬ በስምንት ማዕዘኑ ምልክት የሚሸጡት ብዙዎቹ ቻይና የሚሠሩ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሆኑትም በርካታ ናቸው። የድሮዎቹ ባለቤቶች በዚህ ጉዳይ አይስማሙም። አንዳንዱ ስሙ በመኖሩ ይደሰታል፤ ሌላው ስሙን ሲሰማ ርዕስ ይቀይራል።

እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት የሞላት መኪና ከዓመታዊው የመንገድ ግብር ነፃ ናት። በዚህ ስሌት አቢንግደን የሠራቻቸው ሁሉ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ችግር የሚመጣው ከመጨረሻዎቹ ኤምጂቢዎች ሳይሸጡ ቆይተው በ1981 ወይም በ1982 በተመዘገቡት ላይ ነበር። ሊብሬያቸው ያሳየው የምዝገባ ቀናቸውን እንጂ የተሠሩበትን አይደለም። ባለቤቶቹ ጌይደን ጽፈው መኪናዋ በ1980 መሠራቷን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት አስመጡ፤ ከሊብሬው ጋር አያይዘውም አቀረቡ።