«ዛ ኽሌቦም»፦ ዳቦን ተከትሎ መሄድ

ስሎቫኮች «ዛ ኽሌቦም»፣ ፖላንዳውያን ደግሞ «ዛ ኽሌቤም» የሚሉት አነጋገር ቃል በቃል ሲፈታ «ዳቦን ተከትሎ» ማለት ሲሆን፣ ሠርቶ ለማደር ሲል አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው ይነገራል። የእኛው «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» የቅርብ ዘመዱ ነው። በአማርኛው ግን እንጀራው ያለበት ስለማይታወቅ ሰው ይፈልገዋል፤ በስሎቫኮቹና በፖላንዳውያኑ ዘንድ ዳቦው ቀድሞ ሄዷል፣ ሰውም ከኋላው ይከተላል። የሃንጋሪዎች «ኬሬሽ» የሚለው ግሥ «ፈለገ» ማለትም፣ «ሠርቶ አገኘ» ማለትም ስለሆነ፣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ሰው «ዳቦ ፈላጊ» ብለው ይጠሩታል።

ፖላንዳውያን በሩሲያ አገዛዝ ላይ ያነሡት ዓመፅ እ.ኤ.አ. በ1831 ከከሸፈ በኋላ በፖለቲካ ምክንያት ከተሰደዱት ለመለየት፣ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ መሬቱ በውርስ ተሸንሽኖ አልበቃው ያለውን የጋሊሺያ (ያኔ በኦስትሪያ ሥር የነበረ የፖላንድ ክፍል) ገበሬ «ዳቦን ተከትሎ ሄደ» አሉት። ያኔ በሃንጋሪ መንግሥት ሥር ከነበሩት ከሻሪሽና ከዜምፕሊን አውራጃዎች የወጡት ስሎቫኮችም ችግራቸው ይኸው ነበር።

ዳቦው ብዙዎቹን የወሰዳቸው በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር ወዳሉት የብረት ከተሞች፣ ወደ ሆምስቴድና ወደ ብራዶክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ገደማ በሆምስቴድ ተራ የጉልበት ሠራተኛ በሰዓት 16 ሳንቲም ተኩል ያገኝ ነበር። የሥራው ቀን በብዙዎች ዘንድ 12 ሰዓት ሲሆን፣ የቀኑና የሌሊቱ ፈረቃ በሚለዋወጥበት ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ 24 ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚሠሩ ነበሩ። ባለትዳሮቹ በጠባብ ቤታቸው ደባሎች ያስገባሉ፤ የቀኑ ሠራተኛ የተነሣበት አልጋ ሳይቀዘቅዝ ከሌሊቱ ሥራ የተመለሰው ይተኛበታል። የቤቱ እመቤት ለሁለቱም ፈረቃ ታበስላለች፣ በጥላሸት የጠቆረውን ልብሳቸውን ታጥባለች፤ ስለዚህ አነጋገሩን የወንዶች ታሪክ ብቻ አድርጎ መተርጎም በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው።

ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ በትውልድ መንደራቸው መሬት ለመግዛት አስበው ነበር የመጡት፤ የተመለሱትም ጥቂቶች አይደሉም። በባዕድ አገር ሞት ቢቀድማቸው ግን ቀባሪ እንዳያጡ፣ ልጆቻቸውም ተበትነው እንዳይቀሩ፣ ከእድራችን እምብዛም የማይለዩ የመረዳጃ ማኅበራት አቋቋሙ፤ የሃንጋሪ ማዕድን ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1886 በፔንስልቬንያዋ ሄዝልተን ከተማ ቬርሆቫይ የተባለውን ማኅበር፣ ስሎቫኮች በ1890 በፒትስበርግ ብሔራዊ የስሎቫክ ማኅበርን መሠረቱ።