«ረከሰልን» ብላችሁ የምትከስሩባት ሮም

ሥራዬ ሮም ውስጥ እንግዳ ማዞር ነው። አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ የሚመጡ። ሁሉም ምክር ተሸክመው ነው የሚመጡት። ምክሩን የሰጣቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሮምን ያየው በትራንዚት ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሳስተካክል እውላለሁ።

በትንንሾቹ ልጀምር።

«ውሃ በየሰዓቱ መግዛት ነው።» አይደለም። ናዞኒ የሚባሉ ከ2,000 በላይ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች አሉ። ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ውሃው ቀዝቃዛና የሚጠጣ ነው። የላስቲክ ጠርሙሳችሁን አትጣሉ። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ።

«ቅዱስ ጴጥሮስ ለመግባት ቲኬት ያስፈልጋል።» አያስፈልግም። ተሰልፎ ፍተሻውን ማለፍ ብቻ ነው። የሚከፈለው ለቫቲካን ሙዚየም እና ጉልላቱ ላይ ለመውጣት ነው። ባጅ አንጠልጥሎ «ያለ ሰልፍ ላስገባችሁ» የሚል ሰው ከመጣ ዝም ብላችሁ እለፉት።

«ሆቴሉ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ አስከፈለኝ፣ ሌቦች ናቸው።» የከተማው ግብር ነው። ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ላይ በሰው በአዳር 6 ዩሮ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትይዙ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

«የካርድ ማሽኑ በዶላር ይከፈል ሲል እሺ በሉ።» እምቢ በሉ። በዩሮ ክፈሉ። ማሽኑ የሚሰጣችሁ ምንዛሪ ለእናንተ ታስቦ የተሠራ አይደለም።

«የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሁሉም ነገር ነጻ ነው።» የመንግሥት ሙዚየሞች ነጻ ናቸው፣ ኮሎሲየምም ጭምር። ቫቲካን ግን የራሱ አገር ነው፤ የሱ ነጻ ቀን የወሩ የመጨረሻ እሁድ ነው፣ ያውም ረፋዱ ላይ ብቻ። ሰልፉን ደግሞ አትጠይቁኝ። እናቱን ይዞ የመጣ ሰው የመግቢያውን ከፍሎ በሌላ ቀን ይግባ። ነጻ ነገር ከፈለጋችሁ ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ በእግር ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ማይክል አንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልት እዚያ ቁጭ ብሏል፣ ማንም አያስከፍላችሁም። የጥንቱ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን ግን ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስከፍላል።

ቡና ላይ ብዙ አልልም። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ከጠጣችሁ አንድ ዩሮ ከምናምን ነው፤ ቱሪስት በሚበዛበት አደባባይ ከተቀመጣችሁ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለኛ ሰው ቡና ቆሞ መጠጣት አይዋጥለትም፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። «ከከተማው ወጣ ብለን ሆቴል ያዝን፣ በጣም ረከሰልን!» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሐምሌ ሦስት ጓደኛሞች ከዱባይ መጡ። ከቀለበት መንገዱ ውጭ ሆቴል ይዘዋል። መሃል ካለው በቀን 40 ዩሮ ይቀንሳል። ልክ ነው፣ ይቀንሳል። ከዚያስ?

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት መሃል ከተማ በነጩ ታክሲ የተቆረጠ ዋጋ አለው፣ 55 ዩሮ። ዋጋው ለመኪናው ነው እንጂ በሰው አይቆጠርም፣ ሻንጣም አይጨመርበትም። ግን የሚሠራው መሃል ከተማውን የከበበው የጥንቱ የአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ለሚወርድ ሰው ነው። እነሱ ግንቡንም ቀለበት መንገዱንም አልፈው ስለሚሄዱ ቆጣሪው ሠራባቸው፤ 70 አልፎ ቆመ።

አውቶቡሱ ርካሽ ነው፣ ቲኬቱ 1.50 ዩሮ። ችግሩ እሁድ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቁ ነው። ሜትሮው ደግሞ ከአርብና ከቅዳሜ በቀር ከምሽቱ 5፡30 ላይ ያበቃል። ትራስቴቬሬ የሚባለው ሰፈር እራት በልተው፣ ተጫውተው፣ ሰዓቱ አመለጣቸው። ታክሲ፣ 35 ዩሮ። በማግስቱም እንደዚያው።

እኩለ ቀን ላይ ሮም ትቃጠላለች። ሆቴሉ ቅርብ የሆነ ሰው ገብቶ ይታጠባል፣ ጋደም ይላል፣ አመሻሹ ላይ ይወጣል። እነሱ የት ይግቡ? ካፌ ተቀመጡ፣ ሦስት ጭማቂ አዘዙ። ለወንበሩ ኪራይ በሉት። አንዷ ትከሻዋን ሳትሸፍን ቤተ ክርስቲያን አይገባም ስትባል ሻርፕ ገዛች። ከዱባይ ያመጣችው ነጠላ ሆቴል ሻንጣ ውስጥ ነበር፣ ማን አንድ ሰዓት ተጉዞ ያመጣዋል? ኋላ ስልኳ ላይ ስትደምረው ቆጠብን ያሉት 40 ዩሮ በየቀኑ ተበልቷል።

ፓንቴዮን አፍንጫ ሥር እደሩ አላልኩም። ሜትሮ መስመር ላይ እደሩ፦ ሳን ጆቫኒ፣ ሬ ዲ ሮማ፣ ጋርባቴላ። ወይም ትራስቴቬሬ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፤ ከኤርፖርት የሚመጣው የ8 ዩሮው ባቡር እዚያ ይቆማል። ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ የሚገባው ፈጣኑ 14 ነው። «መሃል ከተማ በመኪና 20 ደቂቃ» የሚል ሆቴል ካያችሁ መኪናው የማን እንደሆነ ጠይቁ።

«ቴርሚኒ አካባቢ እንዳታድሩ» የሚሉም አሉ። ማታ ቦርሳችሁን ያዙ፣ አዎ። ግን የሜትሮው A እና B መስመሮች የሚገናኙት እዚያ ነው፣ የኤርፖርቱ ባቡርም እዚያ ይገባል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹም ዙሪያውን ናቸው። በ1887 (እ.ኤ.አ.) ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣሊያን ወታደሮች የቆመው ሐውልትም ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ነው፤ እሱንም ለማየት አይከፈልም።